የሰው ሲዲ4 አንቲቦዲ ልትገዙ ነው? አርፒኤ-ቲ4፣ ኤስኬ3 እና ኦኬቲ4 ጎን ለጎን

የአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን) ሻጮችን ካታሎግ ከፍታችሁ «ፀረ-ሲዲ4» ብላችሁ ፈልጉ። መዓት ምርት ይዘረገፍላችኋል። ስሙ ሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ዋጋውና የተጣበቀበት አብሪ ቀለም ግን ይለያያል። አብዛኛው ሰው እነዚህን ሁለቱን አይቶ ያዛል። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን በትንሽ ፊደል ተጽፎ ጥግ ላይ የተቀመጠው የክሎን ስም ነው። አንቲቦዲው ከየትኛው የሴል ዘር እንደመጣና ፕሮቲኑን የት ቦታ ላይ እንደሚይዝ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ስለ ፕሮቲኑ ትንሽ እንበል። ሲዲ4 በረዳት ቲ ሴሎች ገጽ ላይ በብዛት ይገኛል፤ ክብደቱ 55 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም አላቸው፣ ግን ጥቂት። ከሴሉ ውጪ ያለው አካሉ አራት ክፍል አለው። ከጫፍ ወደ ሴሉ ሲቆጠሩ ዲ1፣ ዲ2፣ ዲ3፣ ዲ4 ይባላሉ። ሥራ የሚበዛበት ዲ1 ነው። ኤችአይቪም በጂፒ120 ፕሮቲኑ የሚጣበቀው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲዲ4 የቫይረሱ መግቢያ መሆኑ የታወቀው ፀረ-ሲዲ4 አንቲቦዲዎች በሩን ሲዘጉት ታይቶ ነው። የክሎኖቹ ልዩነት የሚጀምረውም ከዚሁ በር ነው።

አርፒኤ-ቲ4 እና ኤስኬ3 ሁለቱም ዲ1 ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ከአይጥ የመጡ፣ አይጂጂ1 የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ናቸው። ኤስኬ3ን በድሮ ጽሑፎች ላይ ሊዩ-3ኤ በሚል ስም ታገኙታላችሁ፤ ሌላ ነገር አይምሰላችሁ። ሁለቱ ቦታ ስለሚሻሙ አንድ ቱቦ ውስጥ አብራችሁ አትጨምሯቸው። ለተለመደው ሥራ፣ ማለትም ከደም የተለዩ ያልተጠገኑ (በፎርማሊን መሰል ኬሚካል ያልደረቁ) ሴሎችን በፍሎው ሳይቶሜትር፣ ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚለየው መሣሪያ፣ ለመቁጠር፣ በሁለቱ መካከል ብዙም አልጨነቅም። የምትፈልጉት ቀለም በየትኛው ክሎን ላይ እንዳለ እዩና ያዙ።

ኦኬቲ4 ሌላ ሰፈር ነው ያለው። የሚይዘው ዲ3ን ነው፤ ዓይነቱም አይጂጂ2ቢ ነው። ስለዚህ አይሶታይፕ ኮንትሮል፣ ማለትም ለንጽጽር የሚሆን ዓይነቱ ተመሳሳይ ግን ሲዲ4ን የማይይዝ አንቲቦዲ፣ ስትገዙ ለሌሎቹ የገዛችሁት አይጂጂ1 አይሆነውም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የጂፒ120ን መንገድ አይዘጋም። ሲዲ4 በቫይረሱ ፕሮቲን ተሸፍኖም ቢሆን ኦኬቲ4 ያገኘዋል። አርፒኤ-ቲ4 ወይም ኤስኬ3 ግን ቦታው ተይዞ ይጠብቃቸዋል። ሙከራችሁ ጂፒ120 ያለበት ከሆነ ምርጫው አለቀ ማለት ነው።

ጉዳቱ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአንዳንድ ሰዎች ሲዲ4 ላይ 240ኛው አሚኖ አሲድ፣ አርጂኒን የነበረው፣ በትሪፕቶፋን ተተክቷል። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው። ሲዲ4ም በሽ በሽ አላቸው። ኦኬቲ4 ግን አያየውም። ለውጡ ከሁለቱም ወላጅ ከተወረሰ ሰውዬው ረዳት ቲ ሴል የሌለው መስሎ ይታያል። ከአንዱ ብቻ ከሆነ ብርሃኑ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ይህ ለውጥ በተለይ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎችና በጃፓናውያን ላይ ተመዝግቧል። ናሙናችሁ ከእነዚህ ሕዝቦች የሚመጣ ከሆነ ኦኬቲ4ን ብቻውን ይዛችሁ ሲዲ4 ልቁጠር ማለት ራስን ማሞኘት ነው። አንድ ናሙና ባዶ ሆኖ ከመጣ በሽታ ከመጠርጠራችሁ በፊት በኤስኬ3 ደግማችሁ እዩት። ሁለቱ የተለያየ ቦታ ስለሚይዙ በተለያየ ቀለም አንድ ላይ ማስገባትም ይቻላል።

እስካሁን ያወራነው ቅርጹን ስለጠበቀ ፕሮቲን ነው። ሥራችሁ በፎርማሊን ተጠግኖ በፓራፊን የታሸገ ሥጋ ላይ ከሆነ ሦስቱንም እርሷቸው። እዚያ የሚነሱት ስሞች 4ቢ12 እና ኤስፒ35 ናቸው። 4ቢ12 ከአይጥ፣ ኤስፒ35 ከጥንቸል ነው። እኔ ኤስፒ35ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም የገዳይ ቲ ሴሎች ምልክት የሆነው ሲዲ8 ነው። ለሲዲ8 ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሲ8/144ቢ የአይጥ አንቲቦዲ ነው። ሁለቱን አንድ ስላይድ ላይ ለማሳየት ስትሞክሩ 4ቢ12ም አይጥ፣ ሲ8/144ቢም አይጥ ይሆንባችኋል። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ በመጣበት እንስሳ ለይቶ የሚይዘው ባለቀለሙ ሁለተኛ አንቲቦዲ የትኛውን ይያዝ? ኤስፒ35 ከጥንቸል ስለሆነ ጣጣ የለውም። በየትኛውም ክሎን ግን ጥገናው የሸፈነውን ፕሮቲን ለመግለጥ ስላይዱን መፍትሔ ውስጥ ማሞቅ የግድ ነው፤ ለሲዲ4 ብዙውን ጊዜ ፒኤች 9 ያለው መፍትሔ ይሻላል።

ለዌስተርን ብሎት፣ ፕሮቲኖች በክብደት ተለያይተው በመስመር ለሚታዩበት ዘዴ፣ የምትገዙ ከሆነ ፍሎው ላይ ያማረውን ክሎን አምናችሁ አትዘዙ። ፕሮቲኑ ተፈልቶ ቅርጹን አጥቷል። በራሱ በዌስተርን የተሠራ ምስል የሌለውን ምርት እለፉት። ምስሉ ላይ 55 አካባቢ መስመር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሲዲ4 የሌላቸው ሴሎች፣ ለምሳሌ ቢ ሴሎች፣ ባዶ መሆናቸውንም ፈልጉ። ባዶው ረድፍ ካልታየ መስመሩ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የአይጥ ሴል ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ከላይ ያሉት ሁሉ ለሰው ብቻ ናቸው። ለእናንተ ጂኬ1.5 እና አርኤም4-5 አሉ። እነሱም ቦታ ይሻማሉ። አይጡን በጂኬ1.5 ሲዲ4 ሴሎቹን አጥፍታችሁ ከሆነ፣ መጥፋታቸውን በአርኤም4-5 ማረጋገጥ አይቻልም፤ የቀረው ሴል በመጀመሪያው አንቲቦዲ ተሸፍኖ ይሆናል። ለዚያ አርኤም4-4ን ግዙ።

ወደ ቀለም እንምጣ። ቲ ሴል ላይ ሲዲ4 ብዙ ስለሆነ ደብዛዛውን ኤፍአይቲሲ ብትሰጡትም ይታያል። ደማቁን ፒኢ ለብርቅዬው ምልክት አስቀምጡት። ሞኖሳይቶችን በሲዲ4 ልያቸው ካላችሁ ግን ደማቅ ቀለም ያስፈልጋል። እንደ ፒኢ-ሳይ7 ያሉ ጥምር ቀለሞች ብርሃን ሲያገኛቸው ይፈርሱና በፒኢ በኩል የሌለ ነገር ያሳያሉ። ሴሎቹን ፒኤምኤ በሚባለው ኬሚካል የምታነቃቁ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ሲዲ4 ከገጹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሴሎቹ የጠፉ ይመስላል። ያኔ ሴሉ ተጠግኖ ከተበሳ በኋላ ውስጡን መቀባት ይሻላል፤ የምትገዙት ክሎንና ቀለምም ጥገናውን የሚችል መሆን አለበት።

ሴሎቹን በሕይወት አቆይታችሁ አንቲቦዲው የሚያደርገውን ልታዩ ከሆነ «አዛይድ የሌለበት» የሚለውን እዘዙ። ለመጠበቂያ የሚጨመረው ሶዲየም አዛይድ ሴል ይገድላል። ቀለሙን ራሳችሁ የምታጣብቁ ከሆነ ደግሞ ቢኤስኤ የሚባለው የከብት ደም ፕሮቲንም መኖር የለበትም፤ ቀለሙን እሱ ይሻማባችኋል።

ስለ መጠን፦ መጀመሪያ ትንሿን ብልቃጥ ግዙ። ወረቀቱ ለአንድ ናሙና 5 ማይክሮሊትር ቢልም በየግማሹ እየቀነሳችሁ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ባነሰ መጠን ያው ውጤት ይመጣል፤ አንዳንዴም የጀርባው ብርሃን ቀንሶ የተሻለ ይሆናል። ሦስት ብልቃጥ ሊገዛ ሲል አንዱ የበቃው ሰው ብዙ ነው።

እቃው ሲደርስም ከሳጥኑ አውጥታችሁ ቀጥታ ፍሪዘር አትክተቱት። እኔ አንዴ ለጥንቃቄ ብዬ አዲስ የፒኢ ብልቃጥ ፍሪዘር አስገባሁ። ሳምንት ቆይቼ ሳወጣው ብርሃኑ ድራሹ ጠፍቷል። ፒኢና ኤፒሲ የሚባለው ሌላ ቀለም የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ጨለማ ውስጥ ነው። ብልቃጡ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።