ከካንዲ ወደ ኤላ፦ የስሪላንካው ባቡርና በመንገዱ ያለው ሁሉ

"ስሪላንካ ሄጄ ምን ልይ?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። ባቡሩን ተሳፈር። ዝሆኑም፣ ባሕሩም፣ ጥንታዊ ከተማውም ደህና ነው፤ አላጣጥልም። ግን ከካንዲ ወደ ኤላ ተራራ ለተራራ የሚያዘግመውን ባቡር የሚያህል ነገር እዚያ አገር አላየሁም።

ከትኬቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ማዕረግ አለ። አንደኛው ኤሲ አለው፣ ወንበሩም ይመቻል፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ያን ሁሉ መንገድ በተዘጋ መስታወት ከማየት ቤት ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ማየት አይሻልም? ሁለተኛ ማዕረግ ያዙ። መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ትከፍታላችሁ፣ አለቀ። ወንበር የሚያዝበት ትኬት ለሽያጭ የሚወጣው ከጉዞው 30 ቀን በፊት ነው፤ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ታዲያ ገና ከመውጣቱ ያልቃል፣ ከዚያ ደላሎች ደርሰው በእጥፍ ድርብ ዋጋ ይቸረችሩታል። አንድ አስጎብኚ ቢሮ የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። ባትጨቃጨቁ ይሻላል። በዕለቱ ጣቢያ ሄዳችሁ የወንበር ቁጥር የሌለውን ትኬት ግዙ፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ቆማችሁ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ናኑ ኦያ ጣቢያ ላይ ግን ወደ ኑዋራ ኤሊያ የሚሄደው ሰው ግር ብሎ ስለሚወርድ ወንበር አይጠፋም።

ጉዞው ወደ 7 ሰዓት ይፈጃል። ካንዲን እንደለቀቃችሁ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ከዚያ ሻይ ይጀምራል። ኮረብታው ሁሉ ሻይ ነው። የሚገርመው እነዚህ ኮረብታዎች በፊት የቡና እርሻ ነበሩ። እንግሊዞች ባቡሩን መዘርጋት የጀመሩትም ቡናውን ወደ ኮሎምቦ ወደብ ለማውረድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቡና ቅጠል ዋግ ገብቶ እርሻውን ጠራርጎ አጠፋውና ገበሬው ሁሉ ወደ ሻይ ዞረ። ሐዲዱም ከሻዩ ጋር ወደ ላይ እየወጣ እ.ኤ.አ. በ1924 የመስመሩ መጨረሻ የሆነችው ባዱላ ደረሰ።

ምግብ ይዛችሁ አትቸገሩ። ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ተሸክመው "ዋዴ ዋዴ ዋዴ" እያሉ በሰው መሃል ይሽሎከለካሉ። ሽሪምፕ የተለጠፈበት፣ ትኩስ፣ የሚያቃጥል ጥብስ ነው። ኦቾሎኒ የገዛሁበት ወረቀት የተማሪ ደብተር ቅዳጅ ነበር። የማካፈል ሒሳብ ተሠርቶበታል፣ የአስተማሪው ቀይ እርማትም አለ። ኦቾሎኒውን ትቼ ሒሳቡን ሳጣራ ቆየሁ። ልጁ ጎበዝ ነው።

ፓቲፖላ ጣቢያ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,891 ሜትር ላይ ናችሁ፤ በአገሩ ከዚያ በላይ ከፍታ ያለው ጣቢያ የለም። ሐሩር አገር ነው ብሎ በቲሸርት የመጣ ሁሉ እዚህ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚያስቸግር ጠዋት የሚነሳውን ባቡር ምረጡ።

የማልወደውንም ልንገራችሁ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ የመነሳቱ ነገር ልክ አጥቷል። ዋሻው ጠባብ ነው፣ ቅርንጫፉም ቅርብ ነው፤ ወድቀው የሞቱ አሉ። ደግሞ አንዱ በሩን ከያዘ አይለቅም፣ ሌላው ከኋላው ተሰልፎ ይነጫነጫል። መስኮቱ ይበቃል።

ባለ ዘጠኝ ቅስቱን ድልድይ በባቡር መሻገር የምትፈልጉ ኤላ ላይ አትውረዱ። ድልድዩ ያለው ከኤላ አልፎ ወደ ዴሞዳራ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ከካንዲ መጥቶ ኤላ የሚወርድ ሰው አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1921 ያለ ብረት፣ በድንጋይ፣ በጡብና በሲሚንቶ ብቻ የተሠራ ነው። ዴሞዳራ ላይ ደግሞ ሐዲዱ ኮረብታውን ዞሮ ይመጣና ከራሱ ከጣቢያው ሥር በዋሻ ያልፋል። እዚያ ድረስ መሄድ ያዋጣል። ድልድዩን በእግር ለማየት ከኤላ ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ማልዳችሁ ካልደረሳችሁ ግን የምታዩት ድልድይ ሳይሆን ሰው ነው።

ሌላውን ቶሎ ልበል። ሲጊሪያ ንጉሥ ካሽያፓ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥቱን የሠራበት፣ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ ዓለት ነው። ለውጭ ዜጋ መግቢያው ከ30 ዶላር አያንስም። ዓለቱ ላይ የተሠሩት ትልልቅ የአንበሳ መዳፎችና የግድግዳው ሥዕሎች ዋጋው ይገባቸዋል፤ በቀትር ግን በ1,200 ደረጃ ላይ ወረፋ ይዞ መጠበስ አለ። ትይዩው ያለው ፒዱራንጋላ በጣም ርካሽ ነው፣ ሲጊሪያንም ሙሉ በሙሉ የምታዩት ከእሱ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ቋጥኝ መቧጠጥ ስላለ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል።

ያላ ፓርክ አልተመቸኝም። አንድ ነብር ታየ በተባለ ቁጥር ጂፑ ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል፣ ከዚያ አቧራና ጭስ ነው። ዝሆን ከሆነ የምትፈልጉት ኡዳዋላዌ ፓርክ ይሻላል፣ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ካንዲ ያለው የቡድሃ ጥርስ ቤተ መቅደስ ግን አይታለፍ። ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ፣ ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት ነውር ነው፣ ጠባቂዎቹም ዝም አይሉም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ደቡቡና ምዕራቡ ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ ምሥራቁ ደግሞ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ይሻላል። ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ተራራው እየተናደ ሐዲዱን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ኤላ ላይ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት መስመሩ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ከተዘጋ አውቶቡስ አለ። ሹፌሮቹ ግን ጉድ ናቸው፣ ሆድ የሚረብሻችሁ ከፊት ወንበር ያዙ።