ኖስለር ፓርቲሽን ባለ 165 ግሬን፦ አልከፍት ብሎ ካሳዘነኝ አረር በኋላ የያዝኩት

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። አደን ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምጽፍላችሁ ኖስለር ፓርቲሽን ስለሚባለው አረር፣ ማለትም ከጥይቱ ተነጥሎ ወጥቶ ስለሚመታው ክፍል ነው፤ መጀመሪያ ግን ወደ እሱ ያመጣኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከእሱ በፊት የምተኩሰው ጫፉ ክፍት የሆነ፣ እርሳስ የሌለበት፣ ከመዳብ ብቻ የተሠራ ባለ 150 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረር ነበር። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ጠመንጃዬ .308 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ነው፤ ተራራ ላይ ለመሸከም እንዲቀለኝ ብዬ አፈሙዙ 16 ኢንች ብቻ የሆነ አጭር ገዛሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አመሻሹ ላይ፣ ሚዩል ዲር የሚሉት ጆሮ ትልቁ ወንድ አጋዘን ከጥዱ ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። የርቀት መለኪያው 405 ያርድ (370 ሜትር ገደማ) አለኝ። መተኮስ አልነበረብኝም፤ ተኮስኩ።

ሲመታው ድምፁን ሰምቻለሁ። እንስሳው ገታ ብሎ ወደኔ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተራምዶ ጥዱ ውስጥ ገባ። ደሙ ሦስት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ጠፋ። በባትሪ እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግኩት። በማግስቱ ጠዋት አገኘሁት፤ ኮዮቴ የሚባሉት ቀበሮ መሰል አውሬዎች አንድ ታፋውንና ሆዱን በልተውታል። ያ እንስሳ ስንት ሰዓት እንደተሰቃየ ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

ቆዳውን ስገፈው መግቢያውና መውጫው ቀዳዳ አንድ ዓይነት ነበሩ። ትንሿ ጣቴ በአንዱም በኩል አልገባችም። ሳንባው ላይ ያለው በወስፌ የተወጋ የሚመስል ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ነው። በደንብ የከፈተ፣ ማለትም ሲመታ ፊቱ የተዘረጋ አረር ያለፈበት ሳንባ እንደዚያ አይደለም፤ የረጋ ደም ተሞልቶ እጅ ላይ ይፈርሳል።

አባቴ ምንሽር ነበረው። ድኩላ መትቶ ሲያመልጠው «ጥይት በልቶ ሄደ» ሲል ልጅ ሆኜ እሰማ ነበር፤ የእንስሳው ጥንካሬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲገባኝ፣ የጦር ሜዳ ጥይት አረሩ ድፍን ልባስ አለው፤ ሰውነት ውስጥ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ በ1899 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ ስለተከለከለ በስቶ እንዲያልፍ ነው የሚሠራው። የአደን ሕግ የሚጠይቀው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። እዚህ ኮሎራዶ በጠመንጃ ለአጋዘንና ኤልክ ለሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር የሚከፈት አረር ግዴታ ነው። የእኔም ፓኬቱ ላይ «የሚከፈት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ እንስሳው ላይ ሲደርስ ግን ከአባቴ ጥይት አልተለየም።

የአገራችን ሰው የሆኑ፣ እዚሁ ኦሮራ ጋራዣቸው ውስጥ ቀለህ የሚሞሉ፣ ጥይት በእጃቸው የሚያዘጋጁ አንድ ጋሼ አሉ። ተናድጄ ሄድኩባቸው። «ጋሼ፣ ጥይቱ ከሸፈብኝ» አልኳቸው። «አልከሸፈም ልጄ፤ አቅሙ አልቆ ነው የደረሰው» አሉኝና በማግስቱ ፍጥነት መለኪያቸውን ይዘው ተኩስ ሜዳ ወሰዱኝ። ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 2,590 ጫማ ሆነ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው 2,820 ነው፤ እሱ የተለካው በ24 ኢንች አፈሙዝ ነው። ያንን ይዘን 405 ያርድ ላይ ስናሰላው ወደ 1,900 ወረደ። ፋብሪካው ደግሞ አረሩ እንዲከፍት ቢያንስ 2,000 ያስፈልገዋል ይላል። ይህን ሳላነብ ነው የገዛሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫፉ ክፍት የሆነ የመዳብ አረር የሚፈነዳ ነገር የለውም። ሰውነት ውስጥ ሲገባ እርጥበቱና ሥጋው በግፊት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ እንደ አበባ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ፍጥነቱ ካነሰ ግፊቱ አይበቃም። መዳብ ደግሞ ከእርሳስ ይጠነክራል፣ እንደ እርሳስ በቀላሉ አይታጠፍም። ጫፉ ተጨፍልቆ ቀዳዳው ከተደፈነም ያው ነው። የእኔ አጋዘን ላይ ሌላም ነገር ተደረበ፦ አረሩ ያለፈው በሁለት ጎድን አጥንት መሐል ነው፤ የሚገታው አጥንት አላገኘም።

እንግዲህ ወደ ፓርቲሽን። ጆን ኖስለር በ1946 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ላይ ሙዝ (moose) የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ሲያድን አረሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ አልገባለት አለ። የእሱ ችግር ከእኔ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው ደስ የሚለኝ። መፍትሔው በአረሩ ወገብ ላይ የመዳብ ግድግዳ ማቆም ነበር፤ በ1948 መሸጥ ጀመረ። ከግድግዳው ፊት ያለው ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ቶሎ ይከፍታል። ከኋላ ያለው እርሳስ ግን ታሽጎ ስለሚቀር ክብደቱን ይዞ ይገባል። ፋብሪካው ዝቅተኛው ፍጥነት 1,800 ነው ይላል።

50 ፍሬ ገዛሁ፣ ጋሼ ሞሉልኝ። በዚያው አጭር ጠመንጃ 2,540 ሰጠኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ኤልክ 180 ያርድ ላይ ትከሻዋን መታኋት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። አረሩን በማዶ በኩል ከቆዳው ሥር በቢላ ጫፍ አወጣሁት፤ አሁን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፊቱ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ እርሳሱ ተበልቷል፣ ከወገቡ በታች ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። በቡና ሚዛን መዘንኩት፦ 10.7 ግራም የነበረው 7 ግራም ሆኗል።

ጉድለት አለው። ያ የጎደለው ከ3 ግራም በላይ እርሳስ የሄደው ሥጋው ውስጥ ነው። ልጆች ያላችሁ ቁስሉን ዙሪያውን አርቃችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ እኔ አንድ ስንዝር ያህል እጥላለሁ። ካሊፎርኒያ ላላችሁማ ይህ አረር አይሆናችሁም፤ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ማደን እዚያ ፈጽሞ ክልክል ነው። የመዳቡን ያዙ፣ ግን ፍጥነቱን በራሳችሁ ጠመንጃ አስለኩ፣ ቅርብም ተኩሱ። ኢላማ ላይ ደግሞ የመዳቡ ይበልጥ ነበር፦ 100 ያርድ ላይ ሦስቱን በአንድ ኢንች ውስጥ ይሰበስብልኝ ነበር፣ ፓርቲሽኑ አንድ ተኩል ይሆናል። ዋጋውም ከተራው እርሳስ ይወደዳል። አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።

ሥጋው ይበላል ወይ ለምትሉኝ፣ ዘዳግም 14፥5 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። እኔ የኤልኳን ጥብስ ለቤተሰቡ ያደረስኩት ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ ነው፤ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ገናን ጠብቋል።

ለዘንድሮ 20 ፍሬ አስሞልቻለሁ። ሰደፉ ላይ ጋሼ በእጃቸው የጻፉልኝ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ 100፣ 200 እና 250 ያርድ ላይ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ ይላል። ከዚያ በታች ምንም አልጻፉበትም።