«ለግራናይት ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ዳይመንድ ዲስክ

ግራናይትና እብነ በረድ የምትቆርጡ ባለሙያዎች፣ ቤት እየሠራችሁ መሣሪያ ራሳችሁ የምትገዙም ሁሉ ይህን አንብቡ። መርካቶ ካሉት የግንባታ መሣሪያ መደብሮች በአንዱ በ3,800 ብር የገዛሁት ዳይመንድ ዲስክ (ጠርዙ ላይ የአልማዝ ብናኝ ያለበት የድንጋይ መቁረጫ) የደንበኛዬን የወጥ ቤት ድንጋይ ሰንጥቆብኛል። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «የኔ ወንድም፣ ለአንተማ ዋናውን ነው የማወጣልህ» እያለ ወደ መጋዘን የሚገባው ዓይነት ነው። የምቆርጠው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባቢሌ ግራናይት መሆኑን፣ ለሲንክ ቀዳዳ ማውጣት እንዳለብኝ፣ የምፈልገውም ልባጥ (አልማዙ በኒኬል ላዩን ብቻ የተለበጠ) ሳይሆን የተጋገረ ጥርስ (አልማዙ ከብረት ዱቄት ጋር የተጋገረ) ያለው ዲስክ መሆኑን በግልጽ ነገርኩት። «እሱ ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይ «ለግራናይት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ነጭ የእብነ በረድ ቁራጭ አምጥቶ ውኃ እያፈሰሰ ቆረጠልኝ። ግራናይት ላይ ሞክርልኝ ስለው «እዚህ ግራናይት የለንም» አለ።

አልማዝ በብረት ላይ የሚያዝበት መንገድ አንድ አይደለም። በልባጡ ዲስኩ የኒኬል ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ኒኬሉ ብረቱ ላይ እየወፈረ ሲሄድ የአልማዙን ብናኝ ከግርጌው አቅፎ ይይዘዋል። ያለው የአልማዝ ድርድር አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተነቀለ የቀረው ባዶ ብረት ነው። በተጋገረው ግን አልማዙ ከኮባልት፣ ከነሐስ ወይም ከብረት ዱቄት ጋር ተደባልቆ በግፊትና በሙቀት ጥርስ ይሆንና በዲስኩ ጠርዝ ላይ ይበየዳል። ዱቄቱ እየተበላ በሄደ ቁጥር ከውስጡ አዲስ አልማዝ ብቅ ይላል። ሦስተኛም አለ፤ አየር በተመጠጠበት ምድጃ ውስጥ፣ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት፣ ክሮሚየም ባለው የኒኬል ቅይጥ የሚበየደው። ክሮሚየሙ ከአልማዙ ካርቦን ጋር ስለሚዋሃድ አያያዙ ከልባጥ እጅግ የጠነከረ ነው። እብነ በረድ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 3 ገደማ ነው፤ ግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። እብነ በረዱንማ ልባጡም ይቆርጠዋል። ያን ነጭ ድንጋይ ለማሳያ ያስቀመጡት ይህንን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

የመጀመሪያው ጎን በደህና ተቆረጠ። ሁለተኛው ላይ የግራይንደሩ ድምፅ ተለወጠ፣ ዲስኩ መቁረጡን ትቶ መፋቅ ጀመረ፣ ወዲያው ድንጋዩ ከማዕዘኑ ተነስቶ እስከ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ዲስኩን ፈትቼ አየሁት። ጥቁሩ ቀለም ተገፏል። ጥርስ ነው የተባለው የዲስኩ ብረት ራሱ ተቦርቡሮ ጥርስ እንዲመስል የተደረገ ነው። ኒኬሉ እንደ ቅርፊት ተላልጦ ከሥሩ ብረቱ ያብለጨልጫል።

ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ ዲስኩን አላነሳውም። ስልኩን እያየ «ምን ቆረጥክበት?» አለኝ። «ግራናይት፤ አንተው ለግራናይት ነው ብለህ የሸጥክልኝ» አልኩት። ካርቶኑን ከእጄ ወሰደና የተለጠፈውን ወረቀት ከጥጉ በጥፍሩ ጫር አደረገው። ወረቀቱ ሳይቀደድ ሙሉውን ተላጠ። ከሥሩ የፋብሪካው ሥዕል ወጣ፦ ሴራሚክ፣ እብነ በረድ፣ በግራናይቱ ላይ ደግሞ ቀይ የኤክስ ምልክት። «ማንበብ አትችልም እንዴ? ግራናይት አይቆርጥም ይላል እኮ!» አለኝ። ራሳቸው የለጠፉትን በዓይኔ ፊት ላጠና መልሶ በእኔ ላይ ማስረጃ አደረገው! ወረቀቱን ጨምድዶ መሬት ጣለው። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። ባለቤቱ ከውስጥ ሆነው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ተጽፏል» አሉ።

እዚያው ቆሜ እያለሁ ሻጩ እንደዚያው ያለ ካርቶን፣ እንደዚያው ያለ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ለሌላ ሰው አወጣለት። ለሰውየው እውነቱን ብነግረው ሻጩ «ተወው፣ ሥራ አይችልም፤ ዲስክ እያቃጠለ ነው የሚመጣው» አለው። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ከዚህ ሙያ እንጀራ የሚበላን ሰው በሸጡለት የውሸት ዕቃ ምክንያት ሥራ አይችልም ማለት ነውር ነው።

የተጋገረ ጥርስ ከዲስኩ ብረት ጋር የተበየደበት መስመር አለው፤ ከጎን እዩት። ያ መስመር ከሌለ አትግዙ። የምትቆርጡትን ድንጋይ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደረሰኙ ላይም «ለግራናይት» ብለው እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ለሸማቹ ሰጥቶታል። መሬት የጣለውን ወረቀት አንስቼዋለሁ፤ ከዲስኩና ከደረሰኙ ጋር ነገ ጠዋት ለንግድ ቢሮ አቀርበዋለሁ። ወረቀት በተለጠፈበት ካርቶን የተሸጠላችሁ ካላችሁ ካርቶኑን አትጣሉት፤ የእናንተም አቤቱታ ከእኔ ጋር ይግባ።