«ዜሮ ሰዓት ነው» ተብሎ በሚሸጥ የሰርቨር ዲስክ እንዳትታለሉ

በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱም ሆነ በሰበታ በኩል፣ ያገለገለ ሰርቨር ወይም የሰርቨር ዲስክ ልትገዙ ከሆነ፣ «ዜሮ ሰዓት ነው፣ ገና አልሠራም» ብትባሉም እባካችሁ አትቸኩሉ። ሻጩ ማሽኑን አስነስቶ አረንጓዴ መብራት ቢያሳያችሁ፣ ስክሪኑም ላይ «ፓስድ» (ፍተሻውን አልፏል) የሚል ቢነበብ፣ ዲስኩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። «ፓስድ» እንዳለ የሚሞት ዲስክ ሞልቷል።

ሊኑክስ የተጫነበት የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዲስክ ጤና የሚያነበው ፕሮግራም ስማርትሞንቱልስ 7.4 ወይም ከዚያ በላይ ይኑረው። በፍላሹ አስነሱና የዚህን ፕሮግራም ትእዛዝ ስማርትሲቲኤልን በ«ኤክስ» አማራጭ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ አሂዱት፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የያዘውን መዝገብ (ስማርት) ያወጣላችኋል። በሳታ (በተለመደው የዲስክ ማገናኛ) ሃርድ ዲስክ ላይ ከመዝገቡ መስመሮች ቁጥር 5 (የተተካ ሴክተር፣ ማለትም የዲስኩ ትንሽ የመረጃ ክፍል)፣ 197 (አልነበብ ብሎ ገና ያልተተካ) እና 198 (ሊታረም ያልቻለ) ዜሮ መሆን አለባቸው። 197 ከዜሮ ካለፈ በቅናሽም አትውሰዱት። 199 (በዝውውር ላይ የተገኘ የመረጃ ስህተት) ከፍ ካለ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የገመዱ ነው፤ ገመዱን ቀይራችሁ ቁጥሩ መጨመሩን ካቆመ ዲስኩን አትጥሉት። ሳስ (በሰርቨሮች ላይ የሚገኝ ሌላ የማገናኛ ዓይነት) ዲስክ እነዚህ ቁጥሮች የሉትም፤ እዚያ የሚታየው «ግሮውን ዲፌክት ሊስት»፣ ማለትም በአገልግሎት ላይ ሳለ የተበላሹ ቦታዎች ዝርዝር ነው።

ዋናው ማጭበርበር ያለው ቁጥር 9 ላይ፣ ማለትም ዲስኩ የሠራበት ሰዓት ላይ ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነውና 43,800 ካነበባችሁ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሽከረከር ኖሯል። ይህን ቆጣሪ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ጀርመን አገር በቸርቻሪዎች እጅ እንደ አዲስ የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ስማርቱ ተደምስሶ ሳለ ያጋለጣቸው ፋርም የሚባለው የውስጥ መዝገብ ነው። ዲስኩ ሲጌት ከሆነ በስማርትሲቲኤል «ኤል» አማራጭ ፋርምን ጠይቁ፤ የፋርሙና የቁጥር 9 ሰዓቶች ካልተቀራረቡ ሂሳብ ሳትጀምሩ ውጡ። በሌላ ብራንድ ላይ የሰልፍ ቴስት (ዲስኩ ራሱን የፈተሸበት) መዝገቡን እዩ፦ የቀድሞ ፍተሻ በ30,000ኛው ሰዓት ተደርጎ ዲስኩ «የሠራሁት 12 ሰዓት ነው» ካለ ቆጣሪው ተነክቷል። ፋርምም ቢሆን ሊነካ ስለሚችል፣ ቁጥሮቹ ቢገጥሙም በዲስኩ ወረቀት ላይ ያለውን የምርት ቀንና የብሎን ቀዳዳዎቹን መፋቅ ተመልከቱ።

ዲስኮቹ ከሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ከሚያቀናጅ ካርድ) ጀርባ ካሉ ሊኑክስ አንድ ትልቅ ዲስክ ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል። ካርዱ ሜጋሬይድ የተባለው ዓይነት ከሆነ በስማርትሲቲኤል «ዲ» አማራጭ ሜጋሬይድ ብላችሁ ከ0 ጀምሮ በየቁጥራቸው ጥሯቸው። ከስቶሬጅ ማሽን የወጣ ሳስ ዲስክ ደግሞ ሴክተሩ 520 ባይት ሆኖ ሊኑክስ መጠኑን ዜሮ ሊለው ይችላል። ይህ ኤስጂ ፎርማት በተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ወደ 512 ይመለሳል፤ ሰዓታት ስለሚፈጅ ግን ዋጋው ሲቆረጥ ይታሰብ።

ሰርቨሩን አይፒኤምአይ ቱል በተባለው የሰርቨር መቆጣጠሪያ ትእዛዝ ጠይቁት፤ «ሰል ሊስት» (የማሽኑ የክስተት መዝገብ) የራምና የፓወር ሰፕላይ ችግር ታሪክ ይዟል። ዛሬ ተጠርጎ አንድ መስመር ብቻ ከቀረ፣ ለምን እንደተጠረገ ሻጩ ይመልስ።

«መብራት የለም፣ ቤት ወስደህ እየው» ከተባላችሁ ቀብድ ብቻ ስጡ። የእያንዳንዱ ዲስክ ሲሪያል ቁጥርና የመመለሻው ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቤት ስትደርሱ ረጅሙን ሰልፍ ቴስት በስማርትሲቲኤል አስጀምሩ፤ ለ8 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚደግፍ ባትሪ) ከሌላችሁ መብራት በሄደ ቁጥር ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት መዝገቡ ተቋረጠ ካለ የዲስኩ ጥፋት አይደለምና እንደገና አስጀምሩት። «ሪድ ፌለር» (ማንበብ አልተቻለም) ካለ ግን በዚያው ቀን መልሱት።