3፡29ን 3፡25 ብሎ ያሳየኝ ሰዓት፦ ከአሮጌ ዲጂታል ሰዓት ጋር 11 ወር

በኅዳር አጋማሽ፣ ደብረ ማርቆስ ብርዱ በጠናበት አንድ ጠዋት፣ ተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና እያስፈተንኩ የእጅ ሰዓቴን አየሁና «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል» አልኳቸው። ፈተናው የሚያበቃው 3፡30 ላይ ነበር፤ ሰዓቴ ደግሞ 3፡25 ይላል። አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ደወሉ ተደወለ። የመጨረሻውን ጥያቄ ገና የጀመሩት ልጆች ብዕራቸውን እንደያዙ ቀና ብለው ሲያዩኝ የተሰማኝ ኀፍረት እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ሰዓቴን ደግሜ ሳየው በትክክል 3፡30 ሆኗል፤ የዜሮው የቀኝ ላይኛ ጎን ግን ክፍት ነበር።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በዲጂታል ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የሚሠራው ከሰባት ሰረዞች ነው። የቀኝ ላይኛው ሰረዝ ሲጠፋ 9 ወደ 5፣ 8 ደግሞ ወደ 6 ይለወጣል። በ0፣ በ2 ወይም በ7 ላይ ጉድለቱ ወዲያው ያስታውቃል፤ በ8 እና በ9 ላይ ግን የሚታየው ቁጥር ሙሉ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። የቆመ ሰዓት ቢያንስ መቆሙ ይታወቃል፤ የእኔው ግን እየሠራ አሳሳተኝ።

ሰዓቱን የገዛሁት ባለፈው መጋቢት ባሕር ዳር ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጃፓን የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ዲጂታል የእጅ ሰዓት፣ የአሜሪካው ሐሚልተን ኩባንያ ፑልሳር፣ ቁጥሮቹ ባትሪ የሚጨርስ ቀይ መብራት ስለነበሩ ሰዓት ለማየት ቁልፍ መጫን የግድ ነበር። የእኔው ፈሳሽ ክሪስታል ያለው በመሆኑ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይታያል፤ አንድ እጁ ጠመኔ፣ ሌላው መጽሐፍ ለያዘ መምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ስምንት ወር ያለ እንከን አገልግሎኛል።

በማግስቱ ወደ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳን ሳይከፍት «ሞተሩ አልቋል፣ ይህን ጣለውና አዲስ ግዛ» አለኝ፤ መስኮቱ ላይ የተደረደሩትንም አሳየኝ። ይህን ምክር ዛሬም አልቀበለውም። ዲጂታል ሰዓት ሞተር የለውም፤ የሚዞር ጥርስም ሆነ የሚያልቅ ሞላ በውስጡ አይገኝም። በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል አለው፤ ሰርኪቱ ይህን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት እያካፈለ በሰከንድ አንድ ምት ላይ ያደርሰዋል። ይህ ክፍል ቢሞት ኖሮ ሰዓቱ በሙሉ ይቆም ነበር እንጂ አንድ ሰረዝ ብቻ አይጠፋም። ሰከንዱ እየቆጠረ፣ ሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ ጉዳቱ ሊኖር የሚችለው ከሰርኪቱ ቁጥሩ ወደሚታይበት መስታወት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ራሴ ከፈትኩት። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አንጥፌ፣ ብሎኖቹን በሰዓት ካቻቢቴ ፈትቼ፣ ባትሪውን በወረንጦ አውጥቼ ሰርኪቱን ቀስ ብዬ አነሣሁት። ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር ከክብሪት እንጨት የቀጠነ የጎማ ዘንግ ተኝቷል። ባለሙያዎች ዜብራ ይሉታል፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ስስ ስስ መስመሮች እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ ተፈራርቀው ተደርድረውበታልና። ሽቦም ብየዳም የለውም፤ ሰርኪቱንና መስታወቱን የሚያገናኘው በመጨመቁ ብቻ ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው በአንዱ ጫፉ ላይ የደረቀ ቆሻሻ ተጋግሮ ነበር፤ የጠፋው ሰረዝ መንገድ ያ ነበር። በብርድ ጊዜ ጎማው ትንሽ ሲኮማተር ግንኙነቱ ይለቅ ኖሯል፤ ቀትር ላይ እየተመለሰ ጠዋት ጠዋት የሚጠፋበትም ምክንያት ይኸው መሆኑን አምናለሁ።

ጎማውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት፤ የሰርኪቱን መገናኛ ነጥቦች ደግሞ በላጲስ በቀስታ አሸሁና ብናኙን አራገፍኩ። አልኮሉ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስስ ሽፋን እንዳይነካ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እሱ ከተበላሸ ቁጥሩ አይታይም። ጎማውንም በጣት መንካት አይገባም፤ የእጅ ቅባት ያንኑ በሽታ ይመልሰዋል። በብዙ ሰዓቶች ላይ ባትሪው ከተመለሰ በኋላ «ኤሲ» (AC፣ «ሁሉንም አጽዳ» ማለት ነው) የሚል ምልክት ያለበትን ነጥብ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር በወረንጦ ለቅጽበት ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ መስታወቱ ባዶ ሊሆን ወይም የተዘበራረቀ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ስንት ደኅና ሰዓት «ሞቷል» ተብሎ ተጥሎ ይሆን!

ባትሪን በተመለከተ ሻጮች በርካሹ ላይ ያግባባሉ። መጠኑ አንድ ነው ማለታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አልካላይኑ እያለቀ ሲሄድ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ የብር ኦክሳይዱ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ 1.55 ቮልት አካባቢ ይጸናል። ለአሮጌ ሰዓት የምገዛው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ሌላው ቅር ያሰኘኝ ነገር ሌሊት መስኮት ሥር ሳሳድረው ትንሽ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው፤ ይህ ግን የተፈጥሮው ነው። የኳርትዝ ክሪስታሉ የሚስማማው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በ20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ በቀን አንድ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ባለበት አገር መድኃኒቱ ሰዓቱን አስሮ መተኛት ነው፤ የሰውነት ሙቀት ይጠብቀዋል። ጳጉሜንን አለማወቁንም ይቅር ብዬዋለሁ።

በመግዛቴ አልተጸጸትኩም፤ አዲሶቹን ያሳየኝ ጠጋኝ ዛሬ በነጻ ልቀይርልህ ቢለኝም አልሰጠውም። ካጸዳሁት ወዲህ ሦስት ወር ሆኖታል፣ አንድም ሰረዝ አልጠፋበትም። ሁለቱን ቁልፎች አብሬ ስጫን ሰረዞቹ ሁሉ በአንድነት ይወጣሉ። ፈተና ባለ ቁጥር በክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ እጫናቸዋለሁ፤ ሁሉም 8 ሆነው የተደረደሩትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አይቼ ነው የምገባው።