የእናታችንን ጠገራ ብሮች በሐቅ ላዩልን ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ጠገራ ብር ወይም የምኒልክ ብር ላስቀመጣችሁ፣ የምጠቁማችሁ ሰው አለኝ።

እናታችን ካረፈች በኋላ ከሳጥኗ የወጡትን ብሮች እኔና እህቶቼ መካፈል ነበረብን። በቁጥር እኩል መካፈል ቀላል ነው። ግን ሁሉም እኩል አያወጣም። መጀመሪያ የወሰድንበት ሱቅ ሰውዬው ሁሉንም ሚዛን ላይ ከምሮ በግራም ዋጋ ነገረን። አንዱን እንኳ ገልብጦ አላየም። ዋሸን ማለቴ አይደለም። አንድ ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር፣ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው። እሱ የነገረን ግን ብሩ ቀልጦ የሚያወጣውን ነው።

ከዚያ ዘመድ ወደ እኚህ ሰው መራን። ያገራችን ሰው ናቸው፣ ከሳንቲም ነጋዴዎች ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የሰው ሳንቲም እያዩ ደረጃ ለሚያወጡት ትልልቅ ድርጅቶች፣ ለፒሲጂኤስና ለኤንጂሲ፣ መላክ የሚገባውን ይለያሉ።

አሠራራቸውን ማየት ራሱ ደስ ይላል። ጥቁር ጨርቅ ዘረጉ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍተው አንዲት የጠረጴዛ መብራት ብቻ አበሩ። ሳንቲሙን ጠርዙን ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይዘው ቀስ እያሉ ያጋድሉታል። አጉሊ መነጽሩ የመጣው በኋላ ነው። «መጀመሪያ ወዙን ነው የማየው ልጄ» አሉኝ። ብሩ ሲመታ በማተሚያው ቅርጽ ግፊት ስለሚፈስ ፊቱ ላይ በዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ወዝ የሚባለው ብርሃን እነሱ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ነው፤ ሳንቲሙን ስታጋድለው ብርሃኑ አብሮ ይዞራል። አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ቀጥለው ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ያያሉ። የምኒልክ ጉንጭ፣ የአንበሳው ጎን፣ የማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። አንዳንዱ ግን ከመጀመሪያውም በደንብ ያልተመታ ስለሆነ የተበላ ይመስላል። ሁለቱን መለየት ነው የባለሙያ ሥራ። የተበላው ቦታ ወዝ አይኖረውም፤ በደካማው የተመታው ግን ደብዝዞም ቢሆን ወዙ አለ።

ድርጅቶቹ የሚሰጡት የደረጃ ነጥብ ከ1 እስከ 70 ነው። ዶክተር ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 ለድሮ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። ያኔ 70 ያገኘ ሳንቲም 1 ያገኘውን 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ሐሳብ ነበረው። ዋጋው ላይ ያ ስሌት ዛሬ አይሠራም፤ ቁጥሩ ግን እስካሁን ይሠራበታል። ከ60 ጀምሮ ያለው ገበያ ውስጥ ያልተዘዋወረ ነው። ድርጅቶቹ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ያየዋል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳያውቁ።

እኛን የጎዳን ሌላ ነገር ነው። ግማሾቹ ብሮች በአንድ ወቅት ድሪ ላይ ነበሩ። ማንጠልጠያው ተነቅሏል፣ የብየዳው ምልክት ግን ጠርዙ ላይ አለ። እንዲህ ያለው ምንም ቢያምር ቁጥር አይሰጠውም፤ «ዲቴይልስ» ተብሎ ጉድለቱ ይጻፍበታል። የታጠበም እንደዚያው። አክስታችን ለበዓል እያለች በሎሚና በአመድ የፈተገቻቸውን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ አደረጉልን። እውነትም እንደታጠበ ሰሃን ያብለጨልጫሉ፣ በመብራቱ ሥር ግን ፀጉር የመሰለ ጭረት ወጣባቸው። የሚገርመው ማንም ያልነካቸው፣ ጥቁርና ሰማያዊ የሆኑት ተመረጡ። ጥቁረቱ ብር ከድኝ ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው፤ በተፈጥሮ ከሆነ አያስቀንስም፣ ሲያምር እንዲያውም ያስጨምራል።

ማርትሬዛዎቹን «አትላኩ» አሉን። ሁሉም ላይ 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። «የመላኪያው ወጪ ከሚጨምርላችሁ ይበልጣል» አሉ። ልብ በሉ፣ ሁሉንም ብንልክ ኮሚሽን የሚያገኙት እሳቸው ነበሩ። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው።

እንዲላክ የመረጡት አንድ ብቻ ነበር፤ በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፱ የሚለው፣ ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር። «ከ40 እስከ 45 ይመጣል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ» ብለውን ነበር። 45 ሆኖ በፕላስቲክ ታሽጎ መጣ። ታላቅ እህታችን ጋር ነው፤ የሌሎቻችን ድርሻ በእሱ ልክ ተስተካክሏል፣ ቅሬታ የለም።

እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለማየት ብቻ አያስከፍሉም። ሳታጥቡ፣ ሳትወለውሉ፣ እርስ በርስ እንዳይጋጭ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልላችሁ ውሰዱ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እልካለሁ። ቀድማችሁ ደውሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለሆኑ አያነሡም።