ያረጀ ፒክአፕ ፎር ዊል አልገባ ሲል፦ ቫኪዩም ወይስ ኤሌክትሪክ?

ፎር ዊል መርጣችኋል፤ የፊት ጎማዎች ግን አልሳቡም። ምንም ከመፍታታችሁ በፊት የፊቱን አክስ የሚያገናኘው ቫኪዩም ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚለውን እወቁ። ፍለጋው ለየቅል ነው።

በቫኪዩም የሚሠራው የመኪናውን ሞተር የመሳብ ኃይል በቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይወስዳል። ቱቦ ደግሞ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደርቃል። ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። አጠፍ ስታደርጉት ግን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብቅ ይላል። መኪናው በሚኒሞ እየሠራ ፎር ዊል ምረጡና ቱቦውን ከአክሱ በኩል ነቅላችሁ ጣታችሁን ጫፉ ላይ አድርጉ። ከሳበ ቱቦው ጤነኛ ነው፤ ዲያፍራሙ (በቫኪዩም የሚሳበው ስስ ጎማ) ተቀዶ ወይም አክሱን የሚያገናኘው ማያያዣ ዝጎ ይሆናል። ካልሳበ ቱቦውን ወደ ኋላ ተከተሉት።

ኤሌክትሪኩ በጣት አይገኝም። ጆሮ ይቅደም፤ ማብሪያው ሲነካ ትንሿ ሞተር ድምፅ ታሰማለች? ዝም ካለች ፊውዙን፣ ከዚያ ሶኬቱን እዩ። ከመኪናው ሥር ጭቃና ውሃ ስለሚመታው ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላሉ። የቦዲ (ግራውንድ) ገመዱንም አትርሱ። ድምፅ እያለ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፎር ዊል መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ማያያዣው ወይም ሴንሰሩ ይጠረጠራል።

ለአሮጌ መኪና እኔ ቫኪዩሙን እመርጣለሁ። ቱቦ መቀየር ቀላል ነው፤ ትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቃጠለች ግን ወጪው ይከብዳል።

ሙከራውን አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ አድርጉት። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ማርሹን ያጨናንቃል። ጥርሶቹ እንዲገጣጠሙም ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ንዱት።